ምሽት የታየው ነጭ ብርሃን፦ የሬቲኖብላስቶማ ልየታ ከክትባት ቀን ጋር ለምን ይተሳሰር?

መግቢያ

በሕፃን ልጅ የዓይን ብሌን ውስጥ የሚታየውን ነጭ ብርሃን ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታየው እናት ናት። ልጇን ስታጠባ ወይም አመሻሽ ላይ በኩራዝ አጠገብ አቅፋ ስታጫውተው፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ አንደኛው ብሌን እንደ ድመት ዓይን ያበራባታል። ጠዋት ስታየው ግን ዓይኑ እንደ ወትሮው ጥቁር ነው። ጎረቤት ብታማክር «ምንም የለውም» ትባላለች። ጤና ጣቢያ ብትወስደውም በቀን ብርሃን የታየው ዓይን ጤናማ ይመስላል፤ የዓይን ጠብታ ተሰጥቷት ትመለሳለች። ከወራት በኋላ ነጩ ነገር በቀንም መታየት ሲጀምር፣ ዓይኑም ቀልቶ ወደ ውጭ ሲገፋ፣ ጉዳዩ ከማየት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ይህ አካሄድ ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ዘግይቶ በሚታወቅባቸው አገሮች የሚደጋገም ነው። ስለ በሽታው ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበው የሆስፒታሎች የመሣሪያ፣ የመድኃኒትና የባለሙያ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሊድን የሚችለውን በሽታ ወደማይድን ደረጃ የሚያሸጋግረው ሕፃኑ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት የሚባክነው ጊዜ በመሆኑ፣ ቅድሚያ ትኩረት የሚሻውም ይኸው ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይመነጫል። በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት በሚሰጥበት ቀን ወላጅን ስለ ነጭ ብርሃን አንድ ጥያቄ መጠየቅና የሕፃኑን ዓይን ጨለም ባለ ክፍል መመልከት መደበኛ ሥራ ሊሆን ይገባል። እናት «ነጭ ነገር አይቻለሁ» ካለችም፣ ባለሙያው ራሱ ባያየው እንኳ፣ ቃሏ ብቻውን ለሪፈራል በቂ ምክንያት ሆኖ ሊቆጠር ይገባል።

የበሽታው ጠባይ

ሬቲና በዓይን የጀርባ ግድግዳ ላይ የተነጠፈ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይር ስስ ሽፋን ነው። ሬቲኖብላስቶማ ገና በማደግ ላይ ካሉ የሬቲና ሴሎች የሚነሣ ዕጢ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚያጠቃው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ነው። በዓለም ዙሪያ ከ16,000 እስከ 18,000 በሚሆኑ ውልደቶች ውስጥ አንድ ሕፃን በዚህ በሽታ እንደሚያዝ ይገመታል። በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ይህ ስሌት በዓመት ወደ 200 የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን ይኖራሉ ወደሚል ግምት ያደርሳል።

ስለ መንሥኤው ያለው እውቀት በካንሰር ሳይንስ ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። አሜሪካዊው የዘረመል ተመራማሪ አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የ48 ሕሙማንን መረጃ ተንትኖ፣ ዕጢው እንዲፈጠር በአንድ ሴል ውስጥ ሁለት የዘረመል ጉዳቶች መድረስ እንዳለባቸው አመለከተ። በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘውና አርቢ1 የሚባለው ጂን እ.ኤ.አ. በ1986 ተለይቶ ሲወጣም፣ ዕጢን ከሚገቱ ጂኖች መካከል በመጀመሪያ የታወቀው እርሱ ሆነ። ከሕሙማኑ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የመጀመሪያውን ጉዳት በመላ አካላቸው ሴሎች ይዘው ይወለዳሉ፤ በእነዚህ ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖች ያጠቃል፤ የሚታወቀውም በአንድ ዓመት ዕድሜ አካባቢ ነው። በቀሪዎቹ ላይ ሁለቱም ጉዳቶች የሚደርሱት በአንዲት የሬቲና ሴል ውስጥ ስለሆነ የሚታመመው አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ የሚታወቀውም በሁለት ዓመት ዕድሜ አካባቢ ነው።

ከዚህ እውቀት ለጤና ባለሙያ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ አብዛኞቹ ሕሙማን በቤተሰባቸው ውስጥ ከእነርሱ በፊት የታመመ ሰው የላቸውም፤ ስለዚህ «በዘራችሁ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አሉታዊ መልስ ማግኘቱ ባለሙያውን ሊያዘናጋው አይገባም። ሁለተኛው፣ በሽታው ምልክት የሚያሳይባቸው ወራትና ሕፃናት ለክትባት የሚመጡባቸው ወራት መቀራረባቸው ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ሁለተኛው ደግሞ በ15ኛው ወር ይሰጣል።

እናት ያየችውን ባለሙያ ለምን ያጣዋል?

ጤናማ ዓይን ላይ ብርሃን ሲያርፍ ከሬቲና በስተጀርባ ባለው የደም ሥሮች ሽፋን ላይ ነጥሮ በቀይ ወይም በብርቱካንማ ቀለም ይመለሳል። ዕጢ ሲኖር ግን ብርሃኑ የሚነጥረው በነጩ ዕጢ ላይ ነው። ይህ ነጸብራቅ ለተመልካች የሚታየው ብሌኑ በቂ ስፋት ሲኖረውና ብርሃኑ፣ ዕጢውና ተመልካቹ በተቀራረበ አቅጣጫ ሲገኙ ነው። በደማቅ የቀን ብርሃን ብሌን ይጠብባል፤ ሲመሽ ደግሞ ይሰፋል። እናት ማታ ያየችው ነጭ ብርሃን ጠዋት የሚጠፋው ምክንያቱ ይህ ነው።

ስለዚህ በመስኮት አጠገብ፣ በእኩለ ቀን፣ ያለ ልዩ መብራት የተደረገ ምርመራ «ምንም የለም» የሚል ውጤት ቢያሳይ የእናትን ቃል ውድቅ ሊያደርግ አይችልም። የታየው ነገር የተለያየው ሁለቱ ተመልካቾች ዓይኑን ያዩበት ሁኔታ ስለተለያየ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ የተሻለው ሁኔታ የእናት ነበር። በስልክ ፍላሽ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ አንደኛው ብሌን ቀይ፣ ሌላኛው ነጭ ሆኖ ሲታይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ብርሃኑ የእይታ ነርቭ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ጤናማ ዓይንም በፎቶግራፍ ነጭ ሊመስል ስለሚችል ፎቶው በራሱ በሽታን አያረጋግጥም። ለጥርጣሬ ግን በቂ ነው፤ ጥርጣሬውን ማጥራት ደግሞ የሐኪም ሥራ እንጂ የእናት አይደለም።

ሁለተኛው የመዘግየት ምክንያት ከስያሜ ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ በዓይን ውስጥ የሚታይ ነጭ ነገር ሁሉ በተለምዶ «ሞራ» ይባላል። ሞራ በአረጋውያን ዘንድ የታወቀ ሕመም ነው፤ «እስኪበስል ይጠበቅ» የሚለው አባባልም ከእርሱ ጋር አብሮ ይመጣል። ለአረጋዊ ሰው የአንድ ዓመት መዘግየት ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚካካስ ነው። ለሕፃን ግን ይህ ትዕግሥት ገዳይ ሊሆን ይችላል። ነጩ ነገር በእርግጥም ሞራ ሆኖ ቢገኝ እንኳ መጠበቅ ትክክል አይደለም፤ በሕፃንነት ያላየ ዓይን ከአንጎል ጋር ያለው ትስስር በአግባቡ ስለማይዳብር፣ ዘግይቶ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ሙሉ እይታን አይመልስም። በሕፃን ብሌን ውስጥ የታየ ነጭ ነገር ስሙ ምንም ይሁን ምን ጊዜ የማይሰጥ ነው።

የመዘግየት ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ2017 በ153 አገሮች በበሽታው መያዛቸው የታወቀ 4,351 ሕፃናትን ያጠቃለለው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው ውጤት ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል። በሽታው ሲታወቅ የሕፃናቱ መካከለኛ ዕድሜ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 14.1 ወር፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 30.5 ወር ነበር። በሽታው ሲታወቅ ዕጢው ከዓይን ውጭ የወጣባቸው ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ አገሮች 1.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በሁለተኛዎቹ 49.1 በመቶ ነበሩ። ነጭ ብርሃን ከሁሉም በላይ የተለመደው የመጀመሪያ ምልክት ሆኖ በ62.8 በመቶው ላይ ተመዝግቧል፤ የዓይን መንሸዋረር በሁለተኛ ደረጃ ይከተላል። ይኸው የምርምር ቡድን ሕፃናቱን ተከታትሎ ባወጣው ሌላ ሪፖርት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 99.5 በመቶ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 57.3 በመቶ መሆናቸውን አስታውቋል።

በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በአብዛኛው የጊዜ ርቀት ነው። ዕጢው በዓይን ውስጥ ሳለ ከደረሱበት ሕይወትን ማትረፍ በብዙ አገሮች አቅም የሚቻል ነው። በእይታ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል፣ ወይም በደም አማካይነት ወደ አጥንት መቅኔ ከተሠራጨ ግን ውድ የሆነው ሕክምና እንኳ ተስፋው የመነመነ ነው።

ሕክምናውና የወላጅ ውሳኔ

የሬቲኖብላስቶማ ምርመራ ከሌሎች ካንሰሮች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መርፌ ወደ ዓይን አስገብቶ ናሙና መውሰድ ዕጢውን ወደ ውጭ ሊያሠራጭ ስለሚችል አይደረግም፤ ሐኪሙ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ በሚያየውና በአልትራሳውንድ በሚገኘው ምስል ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። በዕጢው ውስጥ የሚገኘው የካልሲየም ክምችት በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ይህም መሣሪያ ከሌሎች የምስል መሣሪያዎች ይልቅ በስፋት የሚገኝ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት፣ በዕጢ የተያዘን ዓይን በስሕተት እንደ ሞራ ቆጥሮ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ሕፃኑን ለከባድ አደጋ ይዳርገዋል።

ሕክምናው እንደ ዕጢው መጠንና ቦታ ይለያያል። ትንንሽ ዕጢዎች በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ሕክምና ሊጠፉ ይችላሉ። ከፍ ያሉትን በቪንክሪስቲን፣ በኢቶፖሳይድና በካርቦፕላቲን ኬሞቴራፒ አሳንሶ ዓይኑን ለማትረፍ ይሞከራል። ዕጢው አብዛኛውን የዓይን ክፍል ሲይዝና የማየት ተስፋ ሲጠፋ ግን ዓይኑን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ሕይወትን የሚያተርፍ ፈጣንና አስተማማኝ እርምጃ ነው። የወጣው ዓይን በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ዕጢው ወደ ነርቩ መቁረጫ ጫፍ ወይም ወደ ደም ሥሮቹ ሽፋን መዝለቁና አለመዝለቁ ካልታወቀ፣ ተጨማሪ ኬሞቴራፒ የሚያስፈልገውን ሕፃን መለየት አይቻልም። ቀዶ ሕክምናው ያለዚህ የፓቶሎጂ ውጤት ግማሽ ሥራ ነው።

በዚህ ደረጃ ወላጅ የሚጋፈጠው ውሳኔ ቀላል አይደለም። እጅግ የሚወደድን ልጅ «የዓይኔ ብሌን» ብሎ በሚጠራ ማኅበረሰብ ውስጥ የልጅን ዓይን ለማስወጣት ፈርም መባል ከሕመሙ የሚተናነስ ድንጋጤ አይፈጥርም። በተለይም ሕፃኑ ሲጫወትና ሲሥቅ እየታየ፣ ሕመም ሳይሰማው፣ ውሳኔው ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ፈቃደኛ ያልሆነን ወላጅ «አላዋቂ» ብሎ ማለፍ የባለሙያ አመለካከት አይደለም። ዓይኑ ማየት ማቆሙን፣ መቆየቱ ሕይወትን እንደሚያሳጣ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ዓይን እንደሚገባና ልጁ ተምሮ እንደ እኩዮቹ ሊያድግ እንደሚችል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም ቤተሰቡ በሚረዳው ሌላ ቋንቋ፣ በጊዜ ወስኖ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው። ከዚህ ሕክምና ያለፈ ልጅ ያለው ሌላ ወላጅ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ቢያነጋግራቸው፣ ያ ንግግር ሐኪሙ ከሚሰጠው ማብራሪያ ይልቅ ሊያሳምን ይችላል።

ጠበልም በዚህ ውይይት ውስጥ ሊዘለል አይገባም። ብዙ ቤተሰቦች ከሆስፒታል በፊት ወይም ከሪፈራል በኋላ ወደ ጠበል ይሄዳሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን ጎን ለጎን መጠቀም እንደሚቻል ማስተማሯ፣ እምነትና ሕክምና ቤተሰብን ሳያስጨንቁ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያሳየ ተሞክሮ ነው። የጠበል ቦታ አገልጋዮች በሕፃን ዓይን ውስጥ ነጭ ነገር ሲያዩ «ጠበሉንም ተጠመቁ፣ ሐኪምም ዘንድ ዛሬውኑ ሂዱ» ቢሉ የሚተርፈው ጊዜ ብዙ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

የክትባት ቀንን ለዚህ ዓላማ መጠቀም አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሆንዱራስ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሬቲኖብላስቶማ ምልክቶች የሚያስተምር ዘመቻ ከብሔራዊ የክትባት ዘመቻዋ ጋር አያይዛ ጀመረች። ከዚያ በፊት ከሕሙማኑ 73 በመቶው ዕጢው ከዓይን ከወጣ በኋላ ይመጡ ነበር፤ ከዘመቻው በኋላ ይህ ወደ 35 በመቶ ዝቅ ማለቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ውጤቱን ያስገኘው ማስተማሩ እንጂ ውድ የሆስፒታል መሣሪያ አልነበረም። ጎረቤት ኬንያም በእናቶችና ሕፃናት የጤና መከታተያ ደብተር ላይ የሕፃኑ ብሌን ነጭ መሆን አለመሆኑን የሚመለከት ጥያቄ አካታለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረው የሕፃናት ካንሰር ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ውስጥ ሬቲኖብላስቶማ ትኩረት ከተሰጣቸው ስድስት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ግቡም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በሕፃናት ካንሰር ከሚያዙት ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑትን ማትረፍ ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆን መሠረት አላት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አድርሷል፤ ለሕፃናትም የክትባት ካርድ ይሰጣል። የጎደለው በካርዱ ላይ አንድ መስመር፣ በባለሙያዋ እጅ አንድ የምርመራ መብራት፣ በሥልጠናዋ ውስጥም ጥቂት ሰዓት ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የበሽታው ብርቅነት ነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድም ሕመምተኛ ላታገኝ ትችላለች። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ያው መብራት በውልደት የሚመጣን ሞራ፣ ያው ጥያቄም የዓይን መንሸዋረርን ያገኛል። የሚመረመረው አንድ ብርቅ በሽታ ብቻ ሳይሆን የሕፃኑ የማየት ጤና በጠቅላላ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሳይንሳዊ ክብደት አለው። ብሌኑ በጠብታ ሳይሰፋ የሚደረግ የነጸብራቅ ምርመራ በሬቲናው ጠርዝ ላይ ያለን ትንሽ ዕጢ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ጤናማ ውጤት ለዘለቄታው ዋስትና ተደርጎ ሊነገር አይገባም፤ ምርመራው በየክትባቱ መደጋገም ያለበትም፣ የእናት ቃል ከምርመራው ውጤት በላይ የሚመዘንበትም ምክንያት ይህ ነው። በተጨማሪም ጠቆር ባሉ ዓይኖች ላይ ነጸብራቁ እንደ መማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች ደማቅ ቀይ ላይሆን ይችላል። ሥልጠናው በአገር ውስጥ ሕፃናት ምስሎች ላይ ተመሥርቶ፣ ሁለቱን ዓይኖች በአንድ ጊዜ ማነጻጸርን ሊያስተምር ይገባዋል። የሁለቱ አለመመሳሰል ከቀለሙ ይበልጥ አመልካች ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሪፈራል ሆስፒታሎች ሊጨናነቁ ይችላሉ የሚል ነው። በከንቱ የተጓዘ ቤተሰብ የሚያወጣው የመንገድ ወጪ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሪፈራሉ ጤናማ ዓይን ሆኖ ቢገኝ የሚጠፋው የጥቂት ቀናት ድካምና ገንዘብ ነው፤ ሳይላክ ቀርቶ ዕጢ ቢሆን የሚጠፋው ግን ልጁ ነው። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ጭንቀቱን ለማቅለል፣ ብሌን አስፍቶ ማየት የሚችል የዓይን ሕክምና ባለሙያ ባለበት ቅርብ ሆስፒታል ማጣራት፣ ጥርጣሬው የጸናውን ብቻም ወደ ልዩ ሕክምና ማእከል በቀጥታ መላክ ይቻላል።

ለተመራማሪዎች የቀረ ሥራ

በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚሠሩ ጥናቶች የሆስፒታል መዝገብን አገላብጠው ስንት ሕሙማን፣ በስንት ዓመታቸውና በምን ደረጃ እንደመጡ መቁጠራቸው ጠቃሚ ነው። ደረጃውን መቁጠር ግን ጊዜው የት እንደባከነ አይናገርም። የሚያስፈልገው እናት ምልክቱን ካየችበት ቀን አንሥቶ ሕክምና እስከተጀመረበት ቀን ያለውን ጊዜ በየማቆሚያው ከፋፍሎ የሚለካ ጥናት ነው፦ ከቤት እስከ መጀመሪያው ጤና ተቋም፣ ከዚያ እስከ ሪፈራል፣ ከሪፈራል እስከ ትክክለኛ ምርመራ፣ ከምርመራ እስከ ወላጅ ፈቃድ፣ ከፈቃድ እስከ ሕክምና። አብዛኛው ጊዜ የባከነው ጤና ጣቢያ ላይ ከሆነ መፍትሔው ሥልጠና ነው፤ ከፈቃድ በፊት ከሆነ ምክክር ነው፤ ከፈቃድ በኋላ ከሆነ የአልጋና የመድኃኒት አቅርቦት ነው። ይህን ሳይለዩ የሚወጣ ማንኛውም በጀት በግምት የሚወጣ ነው።

ማጠቃለያ

ሬቲኖብላስቶማ በባዶ ዓይን ከሚታዩ ጥቂት የውስጥ ካንሰሮች አንዱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየውም ሕፃኑን በየምሽቱ አቅርባ በምታየው ሰው ዓይን ነው። በዘጠነኛው ወር የኩፍኝ ክትባት ለማስከተብ ከመጣች እናት ፊት የተቀመጠ ባለሙያ፣ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት «ማታ ማታ በልጅሽ ዓይን ውስጥ ነጭ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሷን አምኖ ቢጽፍ፣ የልጁ ሕክምና ከዚያች ቀን ይጀምራል። ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ግን መልሱን ከወራት በኋላ በቀን ብርሃን፣ በተገፋ ዓይን ይዞ ይመጣል።